ቀልብን ሰብስቦ በከተማ መራመድ፦ የትኩረት ማረፊያን እንደ ጎዳናው ዓይነት ስለ መምረጥ

በከተማ የሚኖር ሰው በየዕለቱ ከሚራመደው እርምጃ አብዛኛው ልብ ሳይባል ያልፋል። እግር ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ሲያደርስ ሐሳብ ግን ወይ ትናንት በተነገረ ቃል ላይ ተመልሶ ይከራከራል፣ ወይም ገና ላልደረሰ ቀጠሮ አስቀድሞ ይጨነቃል። በአስተውሎት መራመድ የሚባለው ልምምድ ይህን ጊዜ መልሶ የራስ የማድረጊያ መንገድ ነው። ተራማጁ ትኩረቱን አውቆ በአንድ ነገር ላይ ያሳርፋል፤ ሐሳቡ ሲሸፍት መሸፈቱን ያስተውላል፤ ከዚያም ራሱን ሳይወቅስ ትኩረቱን ወደ ነበረበት ይመልሳል። ልምምዱ በመሠረቱ ይኸው ነው። የሚያስቸግረው ትኩረቱ የሚያርፍበትን ነገር መምረጡ ነው፤ ውስጥ እግር፣ ትንፋሽ፣ ድምፅና ዕይታ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥቅምና አደጋ አላቸው።

ይህ ምርጫ ብዙ ጊዜ ለተራማጁ ዝንባሌ ይተዋል፤ ደስ ያለውን እንዲይዝ ይመከራል። ምክሩ ፀጥ ባለ ግቢ ውስጥ ለሚራመድ ሰው በቂ ነው። መኪና፣ ሞተር ብስክሌት፣ የተሰባበረ የእግረኛ መንገድና ተቻኩሎ የሚያልፍ ሕዝብ ባለበት ከተማ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም በአንዱ ጎዳና ላይ ቀልብን የሚሰበስበው ዘዴ በሌላው ጎዳና ላይ ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የማወዳድራቸውን አማራጮች በሙሉ የምመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ተራማጁ አሁን ያለበት ጎዳና ከዓይኑና ከጆሮው ምን ያህል ይፈልጋል? ብዙ የሚፈልግ ከሆነ የትኩረት ማረፊያው ከሰውነት ውጭ ይሁን፤ ጥቂት የሚፈልግ ከሆነ ወደ ሰውነት ውስጥ ሊገባ ይችላል። የግል ዝንባሌ ቦታ የሚኖረው ይህ ከተወሰነ በኋላ ነው።

ውስጥ እግርን መከታተል

ከአማራጮቹ ሁሉ ጥንታዊው ይህ ነው። በፓሊ ቋንቋ የቆዩት ቀደምት የቡድሂዝም ጽሑፎች መነኩሴ ሲራመድ መራመዱን ልብ እንዲል ያስተምራሉ። ቴራቫዳ በሚባለው የቡድሂዝም ቅርንጫፍ ገዳማት ዛሬም ለዚሁ ሲባል የተደለደለ ቀጥ ያለ አጭር መንገድ ይዘጋጃል፤ ተራማጁ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 እርምጃ ያህል ሄዶ ይቆማል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። የበርማው መምህር ማሃሲ ሳያዶ (እ.ኤ.አ. 1904–1982) ያስፋፉት ዘዴ እያንዳንዱን እርምጃ ማንሳት፣ ወደ ፊት ማሳለፍና ማሳረፍ በሚል ከፋፍሎ በልብ እየሰየሙ መከታተልን ይጠይቃል። ዜን የሚባለው የጃፓን ቡድሂዝም ተከታዮችም ተቀምጠው በሚያደርጓቸው ሁለት ተመስጦዎች መካከል ኪንሂን የሚባል እርምጃ አላቸው፤ ከዜን ወጎች አንዱ በሆነው በሶቶ በአንድ ትንፋሽ ግማሽ እርምጃ ያህል ብቻ ይጓዛሉ፣ ሌላው የሪንዛይ ወግ ግን ፈጠን ይላል። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የጀመሩት የ8 ሳምንት ውጥረትን የመቀነስ ሥልጠና የእርምጃ ልምምዱን ከእነዚህ ወጎች ወስዶ ከሃይማኖታዊ ሥርዓቱ ውጭ ለታካሚዎች አቅርቦታል።

እነዚህ ወጎች አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ ሁሉም ያደጉት በታጠረ፣ በተደለደለና ተራማጁ አስቀድሞ በሚያውቀው መሬት ላይ ነው። ከገዳም አጥር ውስጥ የሚራመድ ሰው ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ሙሉ ትኩረቱን ለተረከዙ ቢሰጥ የሚገጨው ነገር የለም። ይኸው ዘዴ ሳይለወጥ ወደ ዋና ጎዳና ሲመጣ ግን ዓይንን ወደ መሬት ይጎትታል፣ ጆሮን ያደነዝዛል፣ ተራማጁ ከፊቱ የሚመጣውን የሚያይበትን ርቀት ያሳጥራል። ዘዴው የተሠራበትን ቦታ ሳይመረምሩ ዘዴውን ብቻ ወስዶ ለከተማ ሰው መስጠት ተገቢ አይመስለኝም።

ተስማሚ ቦታ ሲገኝ ግን ውስጥ እግርን የሚተካከል ማረፊያ የለም። በተለመደ አካሄድ አንድ እግር ከአንድ ሙሉ የእርምጃ ዑደት 60 በመቶ ያህሉን መሬት ላይ፣ 40 በመቶ ያህሉን ደግሞ አየር ላይ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ትኩረቱን የሚይዝ አንድ ስሜት ሁልጊዜ አለ። ተረከዝ መሬት ሲነካ፣ ክብደት ወደ እግሩ የፊት ክፍል ሲሻገር፣ ጣቶች ምድርን ገፍተው ሲነሱ፣ ሽንጥና ጉልበት ተከትለው ሲንቀሳቀሱ ማስተዋል ይቻላል። ሐሳብ ሲሸፍትም ወዲያው ይታወቃል፤ ጥቂት እርምጃዎች ሳይሰሙ አልፈዋልና። ለጀማሪ ይህ ግልጽነት ትልቅ ዋጋ አለው። የሚመቹት ቦታዎች ግቢ፣ ሰገነት፣ ረጅም ኮሪደር፣ ተሽከርካሪ የማይገባበት ቅያስ ወይም የመናፈሻ ውስጥ መንገድ ናቸው።

ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። የመጀመሪያው ስለ ፍጥነት ነው። እርምጃን እጅግ ማዘግየት ትኩረትን የሚያጠልቅ ቢመስልም ሰውነት ሚዛኑን በከፊል የሚጠብቀው በራሱ ግስጋሴ ስለሆነ በጣም የዘገየ እርምጃ ያንገዳግዳል፤ በዕድሜ የገፋ ወይም ሚዛኑን የመጠበቅ ችግር ያለበት ሰው ግድግዳ ወይም የደረጃ መደገፊያ አጠገብ ቢለማመድ ይሻለዋል። ሁለተኛው፣ በስኳር በሽታ ወይም በሌላ ምክንያት የእግር ነርቮቻቸው የተጎዱ ሰዎችን ይመለከታል። ውስጥ እግራቸው የደነዘዘባቸው ሰዎች ከዚህ ማረፊያ የሚያገኙት ጥቂት ነው፤ እነርሱ የእጆቻቸውን መወዛወዝ ወይም የትከሻቸውን እንቅስቃሴ ቢከታተሉ ይመረጣል።

ትንፋሽን ከእርምጃ ጋር ማያያዝ

ይህን መንገድ በዓለም ዙሪያ ካስፋፉት ሰዎች መካከል ቬትናማዊው መነኩሴ ቲክ ናት ሃን (እ.ኤ.አ. 1926–2022) ይገኙበታል። ተራማጁ አየር ሲያስገባ ሁለት ወይም ሦስት እርምጃ፣ ሲያስወጣ ሦስት ወይም አራት እርምጃ እየቆጠረ ይሄዳል፤ ቁጥሩን የሚወስነው ሳንባው እንጂ ፈቃዱ አይደለም። ትንፋሽን ከቁጥሩ ጋር ለማስተካከል መታገል ደረትን ያጣብባል፣ ጭንቅላትንም ሊያቀል ይችላል።

የዚህ ዘዴ ብልጫ ዓይንን ነፃ መተዉ ነው። ቆጠራው ራሱ ሐሳብን ጠፍሮ ስለሚይዝ ዓይን ቀና ብሎ መንገዱን ማየት ይችላል፤ በዚህ ረገድ ከውስጥ እግር ይልቅ ለከተማ ይቀርባል። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። ዳገት ወይም ደረጃ ሲመጣ ትንፋሹ ስለሚለዋወጥ ቆጠራው ይፈርሳል፤ የመኪና ጭስ በበዛበት ጎዳና ደግሞ አንድ ሰው ትኩረቱን ሁሉ በሚያስገባው አየር ላይ እንዲያሳርፍ መጠየቅ መረበሽን መጋበዝ ነው። ከዚህም በላይ ለድንገተኛ የጭንቀት ጥቃት ተጋላጭ የሆኑ ሰዎች ትንፋሻቸውን ባዳመጡ ቁጥር ጭንቀታቸው ሊብስ ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች ትንፋሽ ትክክለኛ መጀመሪያ አይደለም፤ ከሰውነት ውጭ ያለ ማረፊያ ይሻላቸዋል። በእኔ ሚዛን ትንፋሽ ጠፍጣፋ፣ ረጅምና መካከለኛ ግርግር ላለበት መንገድ የተሻለ ነው።

ጆሮ ሰጥቶ መራመድ

ካናዳዊው የሙዚቃ ደራሲ ሙሪ ሼፈር (እ.ኤ.አ. 1933–2021) በቫንኩቨር አካባቢ በሚገኘው ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአካባቢን ድምፅ እንደ መልክዓ ምድር የሚያጠና ሥራ ጀምረው ነበር። ከዚያ ቡድን ውስጥ የነበሩት ሂልደጋርድ ቬስተርካምፕ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የማዳመጥ እርምጃን ለብቻው ራሱን የቻለ ልምምድ አድርገው አቀረቡት፤ የልምምዱ ዋና ዓላማ እየተራመዱ አካባቢን ማዳመጥ ነው። ይህ ከተመስጦ ወግ የመጣ አይደለም፤ በከተማ ለሚራመድ ሰው ግን ከገዳማቱ ዘዴ ይልቅ የሚመች ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ምክንያቴ ቀላል ነው። ዓይን የሚያየው ከፊት ያለውን ብቻ ሲሆን ጆሮ ግን ከኋላም ከጎንም ይሰማል። ተራማጁ ትኩረቱን በድምፅ ላይ ባሳረፈ መጠን ከኋላው የሚመጣውን ብስክሌት፣ ከቅያስ የሚወጣውን መኪና፣ በሩን ሊከፍት ያለውን የቆመ ተሽከርካሪ ቀድሞ ያውቃል። ከማወዳድራቸው አማራጮች መካከል ልምምዱ ሲጠልቅ የጥንቃቄው ደረጃ አብሮ የሚጨምርበት ይህ ብቻ ነው። በሌሎቹ ዘዴዎች ተራማጁ ከግርግሩ ጋር ይታገላል፤ እዚህ ግን ግርግሩ ራሱ የትኩረቱ ማረፊያ ስለሆነ የሚያስተጓጉለው ነገር ይቀንሳል። ክላክስ ሲጮህ ልምምዱ አይቋረጥም፤ የክላክሱ ጩኸት የልምምዱ ክፍል ነው።

አጀማመሩ ከቅርብ ወደ ሩቅ ቢሆን መልካም ነው። በመጀመሪያ የራስን ኮቴና የልብስን መፋተግ፣ ቀጥሎ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ያለውን የሰው ንግግርና የበር መዘጋት፣ ከዚያም እስከ ጎዳናው ማዶ ያለውን፣ በመጨረሻም ጆሮ ሊደርስበት የሚችለውን ከሁሉ የራቀ ድምፅ መፈለግ። አስቸጋሪው ክፍል ድምፁን እንደ ድምፅ መስማት ነው። ጆሮ የሰማውን አእምሮ ወዲያውኑ ወደ ታሪክ ይለውጠዋል፤ የሁለት ሰዎች ንግግር ከተሰማ ስለ ምን እንደሚያወሩ መከተል ይጀምራል፣ ማሽን ከተሰማ ማን እንዲህ ይረብሻል ብሎ ይቆጣል። ያኔ ከቃሉ ይልቅ ወደ ድምፁ ከፍታና ዝቅታ፣ ወደ ሻካራነቱና ወደ ልስላሴው፣ ወደሚመጣበት አቅጣጫ መመለስ ይበጃል። ቁጣውም ራሱ ከታየ በኋላ ለመለቀቅ ይቀላል።

ይህ ዘዴ የማይስማማቸው አሉ። ቀኑን ሙሉ በማሽን ጩኸት ወይም በደንበኞች ንግግር መካከል የዋለ ሰው ጆሮው ደክሟል፤ ለእርሱ ምሽት ላይ ተጨማሪ ማዳመጥ ዕረፍት አይሆንም። የመስማት ችግር ያለበት ሰውም ዓይኑን ዋና ማረፊያ ሊያደርግ ይገባል። በተጨማሪም የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝግታ ሲሄዱ ድምፃቸው እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ጆሮ ምንም አልሰማም ማለት መንገዱ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ከማቋረጥ በፊት በዓይን ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ዓይንን ማሳረፍ

ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሬቸል ካፕላንና ስቲቨን ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያብራሩት አንድ ሐሳብ እዚህ ይጠቅመናል። ሰው በፈቃዱና በጥረት የሚመራው ትኩረት ይደክማል፤ ደመና፣ የቅጠል ንቅናቄና የውኃ ፍሰት የመሳሰሉ ነገሮች ግን ያለ ጥረት ቀስ ብለው ስለሚስቡ ያ የደከመው ትኩረት እንዲያርፍ ፋታ ይሰጡታል። ከተማ ብዙ የሚስብ ነገር ቢኖራትም አብዛኛው የሚስበው በኃይል ነው፤ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፣ ትልልቅ ማስታወቂያና ድንገት የሚቆም መኪና ትኩረትን ይነጥቃሉ እንጂ አያሳርፉትም። ስለዚህ በዓይን የሚደረግ ልምምድ የሚሳካው የሚታየው ነገር በጥንቃቄ ሲመረጥ ነው።

ከልምምዱ አንፃር ጽሑፍ ከሁሉ የከፋ ማረፊያ ነው። ማንበብ የሚያውቅ ዓይን ፊደል ካየ ሳያነብ አያልፍም፤ ያነበበው ቃል ሐሳብ ይጎትታል፣ ሐሳቡም ሌላ ሐሳብ። ቀለምን፣ ጥላን፣ የብርሃንን ነጸብራቅ፣ የሕንፃን የላይኛውን ፎቅ ቅርጽ፣ ከንጣፍ ስንጥቅ የበቀለን ሣር መምረጥ የተሻለ ነው። ለአንድ ቀን ጉዞ አንድ ነገር ብቻ መያዝም ይረዳል፤ ዛሬ ጥላዎችን ብቻ፣ ነገ አረንጓዴ ቀለምን ብቻ። የሰዎችን ፊት ትክ ብሎ ማየት ግን ተገቢ አይደለም፤ የሚታየውም ሰው አይመቸውም፣ የተራማጁም ሐሳብ ወደ ግምትና ወደ ፍርድ ይሄዳል።

በዚህ ረገድ የሚጠቀስ አንድ ጥናት አለ። በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ሥራ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለ8 ሳምንታት በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ የ15 ደቂቃ እርምጃ እንዲያደርጉ ጠየቋቸው። የአንደኛው ቡድን አባላት የሚያዩትን በአዲስ ዓይን እንዲያዩና የሚያስደንቅ ነገር እንዲፈልጉ ተነግሯቸው ነበር፤ የሌላው ቡድን አባላት እንዲሁ ተራመዱ። አዲስ ነገር ፈላጊዎቹ በእርምጃቸው ወቅት የበለጠ ደስታና ምስጋና እንደተሰማቸው ገለጹ። በየእርምጃው ራሳቸውን ባነሱት ፎቶግራፍ ላይም ከሳምንት ወደ ሳምንት የራሳቸው ምስል የሚይዘው ቦታ እያነሰ፣ ከኋላቸው ያለው አካባቢ እየሰፋ መጣ። በየዕለቱ በአንድ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ድንቅ ነገር ለማግኘት ረጅም ሰዓት መመደብ አስፈላጊ እንዳልሆነ ያሳያልና። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን አተኩሮ ለማየት የሚፈልግ ሰው ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ ይቁምና ይይ፤ እየተራመዱ ማንጋጠጥ ለመሰናከል ያጋልጣል።

በጆሮ ማዳመጫ የሚመራ ልምምድ

በስልክ የሚደመጡ የተቀዱ መመሪያዎች ለጀማሪ ድፍረት ይሰጣሉ፤ ሐሳብ ሲሸፍት የሚያስታውስ ድምፅ አለና። ይሁን እንጂ ከከተማ ጎዳና ጋር ሲመዘኑ ዝቅተኛውን ደረጃ የምሰጠው ለእነርሱ ነው። የተዘጋ ጆሮ ከኋላ የሚመጣውን አይሰማም፤ መመሪያውን የሚያሰማው ሰውም ተራማጁ አሁን ማቋረጫ ላይ ይሁን ደረጃ ላይ ሊያውቅ አይችልም።

በዌስተርን ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት ስለ ትኩረትና ስለ ስልክ ብዙ ያስተምራል። ተመራማሪዎቹ የሚያስቅ ልብስ የለበሰ ሰው በባለ አንድ ጎማ ብስክሌት በግቢው አደባባይ እንዲሽከረከር አደረጉና አላፊ አግዳሚውን አይተውት እንደሆነ ጠየቁ። በስልክ እያወሩ ካለፉት መካከል ያየው 25 በመቶው ብቻ ነበር፤ ብቻቸውን ያለ ምንም መሣሪያ ካለፉት ግማሽ ያህሉ፣ ሙዚቃ እያዳመጡ ካለፉት 61 በመቶ ያህሉ፣ ጥንድ ሆነው ካለፉት ደግሞ 71 በመቶ ያህሉ አይተውታል። ሙዚቃ ሰሚዎቹ ከባዶ እጅ ተራማጆች ያላነሰ ማየታቸው ልብ ሊባል ይገባል፤ ዓይንን ይበልጥ ያወረው ምላሽ የሚጠይቀው ንግግር ነው። ሆኖም መሣሪያ ያልያዙትም ቢሆኑ ግማሽ ያህሉ አለማየታቸው እጅ ባዶ መሆን ብቻውን ማስተዋል እንደማይሆን ያስረዳል። የእኔ ምክር የሚከተለው ነው፦ መመሪያውን ከመውጣት በፊት ቤት ተቀምጦ ማዳመጥ፣ ከእርሱም አንዲት ሐሳብ ብቻ ይዞ መውጣት፣ ስልኩን ግን ድምፁን አጥፍቶ ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ።

መናፈሻ ወይስ ጎዳና

በዚህ ጥያቄ ላይ ማስረጃው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ተሳታፊዎችን ወደ 4.5 ኪሎ ሜትር ያህል አንድ ጊዜ በዛፍ በተሞላ መናፈሻ፣ ሌላ ጊዜ በመሀል ከተማ አስጉዟቸዋል። ከመናፈሻው ሲመለሱ ቁጥሮችን ሰምቶ ወደ ኋላ የመድገም ችሎታቸው ተሻሽሎ ተገኘ፤ ከመሀል ከተማ ሲመለሱ ግን ያን ያህል አልተሻሻለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ ለ90 ደቂቃ በተፈጥሮ አካባቢ የተራመዱ ሰዎች ራስን እየወቀሱ በአንድ ሐሳብ የመብሰልሰል ልማዳቸው መቀነሱን፣ ተሽከርካሪ በበዛበት ሰፊ ጎዳና ዳር በተራመዱት ላይ ግን ይህ ለውጥ አለመታየቱን ዘግቧል።

የአየሩ ጉዳይ ከዚህ ይበልጥ ያሳስበኛል። በለንደን ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ጤነኞች፣ የሳንባ ሕሙማንና የልብ ሕሙማን ለ2 ሰዓት አንድ ቀን በሃይድ ፓርክ፣ ሌላ ቀን የናፍጣ ተሽከርካሪ በበዛበት ኦክስፎርድ ስትሪት እንዲራመዱ ተደርጎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ውጤት መናፈሻው ውስጥ የተገኘው የሳንባና የደም ሥር ጥቅም በጎዳናው ላይ እንደሚቀንስ ወይም እንደሚጠፋ አሳይቷል። ስለዚህ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው የሚራመድበትን ቦታ መምረጥ ከዘዴው ምርጫ መቅደም አለበት።

ሁሉም ሰው ግን መናፈሻ አጠገብ አይኖርም፤ ያለውም ቢሆን በየቀኑ እዚያ ለመድረስ ጊዜ አያገኝም። እንዲህ ላለው ሰው ከዋናው ጎዳና አንድ ቅያስ ገባ ያለ ትይዩ መንገድ መፈለግ ጥሩ አማራጭ ነው፤ የትራፊክ ጭስ ከምንጩ በራቀ ቁጥር እየሳሳ ስለሚሄድ በጥቂት ደቂቃ የሚረዝም መንገድ ለሳንባም ለጆሮም ይጠቅማል። ዋናው ጎዳና የግድ ከሆነ ከአስፋልቱ ራቅ ባለው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ መሄድና ከተቻለ የመኪና መጨናነቅ ያለበትን ሰዓት መሸሽ ይረዳል።

ቀስ ብሎ ወይስ እንደ ልማድ፤ ለብቻ ወይስ ከሰው ጋር

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጥረት ያለበት እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ለእግረኛ ይህ በደቂቃ ቢያንስ ወደ 100 እርምጃ ገደማ ማለት ነው። እጅግ የዘገየው የተመስጦ እርምጃ ከዚህ መጠን በታች ስለሚሆን ለልብና ለጡንቻ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው በተለመደ ፍጥነቱ እየሄደ ጆሮውን ወይም ዓይኑን ማረፊያ ማድረግ ይችላል፤ ውስጥ እግርን በዝርዝር መከታተል ግን በፍጥነት አይሆንም። በሕዝብ መካከል ከሌላው እግረኛ ፍጥነት በጣም ዝቅ ብሎ መሄድ ከኋላ የሚመጣውን ያደናቅፋልና ዝግታው ለግቢና ለመናፈሻ ቢቀር ይሻላል።

ለልምምድ ብቻ ተብሎ ከሚመደብ ሰዓትና ከዕለታዊ ምልልስ መካከል የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ፣ መልሴ ለመማር የመጀመሪያው፣ ለመዝለቅ ሁለተኛው የሚል ነው። መድረሻ የሌለው አጭር ምልልስ ችኮላን ስለሚያስቀር ዘዴውን ለማወቅ ይመቻል። ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ግን ልዩ ሰዓት የሚጠይቅ ነገር በሥራ ብዛት ይዘነጋል፤ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ የሚወስደው መንገድ ግን በየቀኑ አለ።

ከሰው ጋር መራመድ ይቻላል፤ ዝም ለማለት አስቀድሞ መስማማት ብቻ ይበቃል። በምሽት ወይም በማይታወቅ ሰፈር ከጓደኛ ጋር መሆን የተሻለ ነው፤ የሚፈራ ሰው ቀልቡን መሰብሰብ ይቸግረዋል።

ምርጫውን በተግባር ማዋል

በጭንቀት ወይም በድንገተኛ ፍርሃት ለሚቸገር ሰው ጆሮ ወይም ዓይን፣ ቀኑን በጩኸት መካከል ለዋለ ሰው ዓይን፣ ቀኑን በኮምፒዩተር ፊት ለዋለ ሰው ጆሮ፣ በሐሳብ ብዛት እንቅልፍ ላጣና ፀጥ ያለ ግቢ ላለው ሰው ውስጥ እግር፣ ጠፍጣፋና ረጅም መንገድ ላለው ሰው ትንፋሽ እንዲጀመር እመክራለሁ። ከዚያም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያንኑ ይዞ መቆየት ያስፈልጋል፤ በየቀኑ ዘዴ የሚቀያይር ሰው የትኛው እንደሚስማማው ሊያውቅ አይችልም። ሐሳብ መሸፈቱ የዘዴው መጥፎነት ምልክት አይደለም። ከእርምጃው በኋላ ከበፊቱ ይልቅ መረበሽ በተደጋጋሚ ከተሰማ ግን ማረፊያውን ወደ ውጭ ማውጣት፣ ይህም ካልረዳ ልምምዱን አቁሞ ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።

አንድ ጉዞ ውስጥ ጎዳናው ሲለወጥ ማረፊያውም መለወጡ ግን ከመቀያየር አይቆጠርም፤ እንዲያውም ለከተማ ሰው ዋናው ክህሎት ይህ ነው። የ15 ደቂቃ መንገድ ያለው ሰው ከግቢው በር እስከ ቅያሱ ጫፍ ውስጥ እግሩን ይከታተል፤ ዋናው ጎዳና ላይ ሲወጣ ትኩረቱን ወደ ድምፅ ያሻግር፤ ዛፍ ያለበት ቦታ ሲደርስ ዓይኑን በጥላው ላይ ያሳርፍ። ማቋረጫ ጋ ሲደርስ ሁሉንም ይተውና ይቁም፤ ግራና ቀኙን ይመልከት፣ የትራፊክ መብራት ካለም ያስተውል፣ የሚመጣው አሽከርካሪ እንዳየው ያረጋግጥ፣ ከዚያ ይሻገር። በዚያች ቅጽበት የትኩረቱ ማረፊያ ተሽከርካሪው ነው። ማዶ ደርሶ ሁለቱም እግሮቹ የእግረኛው መንገድ ላይ ካረፉ በኋላ ወደ ጀመረው ማረፊያ ይመለስ።